ማጥለቂያ ታንኩ ኢሙልሽን ማስለቀቅ ተሳነው

ሰላም ባለሙያዎች፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው ቲሸርት ማተሚያችን ውስጥ 150 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንክ አለን። ሶዲየም ፔሪዮዴት ያለበትን ማስለቀቂያ በውኃ በጥብጠን ስክሪኖቹን (ሜሽ የሚባለው ስስ መረብ የተወጠረባቸውን የማተሚያ ፍሬሞች) 5 ደቂቃ እንነክራለን። ቀድሞ ኢሙልሽኑ (ቅርጹን ለማውጣት ሜሹ ላይ የሚቀባው ሽፋን) እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር፤ አሁን ከፍሬሙ ጠርዝ አካባቢ አለቅም ይላል፣ ደቃቅ ሜሽ ላይማ ይብሳል።

ፕላስቲሶሉን (የማተሚያ ቀለሙን) አስቀድመን ጠርገን ቅባቱን እናጥባለን፤ ቀለም ከቀረ መድኃኒቱ ኢሙልሽኑ ጋ አይደርስም። ስክሪኑ እንደወጣ ሳይደርቅ በፕሬሸር ነው የምናጥበው፤ ላዩ ላይ ከደረቀማ ሜሹ አለቀለት።

ጥርጣሬዬ ብጥብጡ ላይ ነው፤ ውኃ የሚንጠባጠብ ስክሪን ስለምንከት ሳይቀጥን አልቀረም። ዱቄት ብጨምርበት ይበቃል ወይስ ሙሉውን ልቀይር? አሮጌውንስ የት ላስወግድ? ሰፈሩ የፍሳሽ መስመር የለውም፣ ያለን ጉድጓድ ብቻ ነው። በረኪና ጨምሩበት የምትሉ ግን ይቅርባችሁ፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።