ከኩስኮ እንጀምር ወይስ በኩስኮ እንጨርስ?
በመጪው ሐምሌ 64 ዓመት ከሞላት እናቴ ጋር ወደ ፔሩ ለ9 ቀናት እንጓዛለን፤ የጥንታዊቷ የኢንካ ከተማ የማቹ ፒቹ መግቢያችን ለአምስተኛው ቀን ተይዟል። ወደዚያ የሚወስደውን የአራት ቀኑን የኢንካ መንገድ በእግር ለመሄድ ብፈልግም ፈቃዱ አልቆ አገኘሁት፤ በምትኩ የቀረበልኝ የሳልካንታይ መንገድ ደግሞ 4,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መተላለፊያ ስላለበት ለእናቴ ፈጽሞ አይሆንም፤ ስለዚህ ከኦያንታይታምቦ በባቡር እንሄዳለን። የሚያሳስበኝ 3,400 ሜትር ላይ ያለችው የኩስኮ ከተማ ናት፤ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ብንሆንም ከለመድነው በ1,000 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ እናቴም ባሌ፣ ሰነቴ አምባ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጸንቶባት ነበር። አውሮፕላናችን ኩስኮ ባረፈበት ዕለት 2,800 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ኦያንታይታምቦ ወርደን ኩስኮንና አጠገቧ ያለውን የኢንካ ምሽግ ሳክሳይዋማንን ለመጨረሻ እናቆይ፣ ወይስ ሁለት ቀን ኩስኮ ዐርፈን አየሩን እንልመድ?