የአባቴን የዊንጌት ጓደኞች ከ50 ዓመት በኋላ እንዴት ላግኛቸው?

ጥያቄ፦ የቡራዩ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በአዳሪነት ተምሮ በ1965 ዓ.ም. ነው የጨረሰው። ከአርሲ ገጠር የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በጥሩ ውጤት አልፎ ነው የገባው። አሁን ሰባ ዓመት አልፎታል። ቡራዩ አብረን ነው የምንኖረው። በአስኮ አድርገን ወደ መሃል ከተማ በታክሲ ስንሄድ ዊንጌት ጋ ስንደርስ ወሬውን ያቆማል። አጥሩ እስኪያልቅ በመስኮት ያያል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ከቤት መውጣት ትቷል። ባለፈው ወር ሳጥኑን ሲያገላብጥ አንድ ፎቶ ወጣ። 14 ልጆች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ከጀርባው በእርሳስ ስም ተጽፎበታል፤ ግን ግማሹ የቅጽል ስም ነው። «ሻምበል»፣ «ቀጭኑ»፣ «ሐረርጌ»። አባቴ ከነአባታቸው ስም የሚያስታውሰው ስድስቱን ብቻ ነው። የ1980ዎቹ የስልክ ደብተርም አለው። ቁጥሮቹ ባለ ስድስት አሃዝ ናቸው፤ ብደውል አይሠሩም። ፌስቡክ ላይም ሞከርኩ። ወይ መቶ ሰው ይመጣል፣ ወይ ማንም አይመጣም።

ከየት ልጀምር? ደግሞስ ለአባቴ ነግሬው ልፈልግ ወይስ ሳልነግረው? ካላገኘኋቸው ልቡ እንዳይሰበር ፈራሁ።

መልስ፦ የቴሌ ጡረተኛ

ልጄ፣ ደብተሩን እንዳትጥዪው። የአዲስ አበባ ስልክ ከስድስት ወደ ሰባት አሃዝ የተቀየረው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አሮጌው ቁጥር አልጠፋም፤ ከፊቱ አንድ አሃዝ ነው የተጨመረበት። አሃዙ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ፒያሳና አራት ኪሎ በኩል 1፣ መርካቶ 2፣ አሮጌው ኤርፖርት 3፣ አቃቂ በኩል 4፣ ስታዲየምና ካዛንቺስ 5፣ ቦሌና የካ 6። ስለዚህ በ51 የሚጀምር የካዛንቺስ ቁጥር ካለሽ 011 ብለሽ፣ 5 ጨምረሽ፣ ከዚያ አሮጌውን ስድስቱን አሃዝ እንዳለ ደውዪ። ሰፈሩን ካላወቅሽው ስድስቱንም አሃዝ በየተራ ሞክሪ። የቤት ስልክ ከሰው ይልቅ ከቤት ጋር ነው የሚቆየው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያነሳዋል። ሲያነሱ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ። ሰው እንዳይደነግጥ።

መልስ፦ የአዳሪዋ

እኔም ሌላ ትምህርት ቤት አዳሪ ነበርኩ። እህቴ፣ ስሙን ልቀቂው፤ አባትሽን በአልጋ ተራ ጠይቂው።

ይሄን የምልሽ ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። የክፍል ልጆቼን ስም ጻፊ ስባል ዘጠኝ ላይ ቆምኩ። ከዚያ አንዷ ጓደኛዬ «ከበሩ ጀምሪ፤ መጀመሪያ ማን ነበረች የምትተኛው?» አለችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በሩ ጋ ያለችው ሌሊት ስለምታስል በር እንዲቀርባት የተደረገችው ልጅ ናት። ከሷ ቀጥሎ ሳጥኗን የምትቆልፈው። ከዚያ ሽሮ ከቤት ይላክላት የነበረችው። እንዲህ እያልኩ ሃያ ሁለቱንም አልጋ ዞርኩት። ስም ከነአባት ስም፣ ከነአገሯ መጣልኝ። አዳሪ ቤት የኖረ ሰው ጓደኛውን በስም ሳይሆን በቦታ ነው የሚያውቀው። የምግብ አዳራሹን ጠረጴዛም እንደዚሁ ጠይቂው። የአገሩን ስም ከነገረሽ ትልቅ ነገር ነው፤ «ሐረርጌ» ያሉት ልጅ ዘመዶቹ ዛሬም እዚያው ይገኛሉ።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ጠይቂው። ዊንጌት በብሪቲሽ ካውንስል እገዛ የተቋቋመ ነው፤ ብዙዎቹ መምህራን እንግሊዞች ነበሩ። ልጆቹ በደብተራቸው ላይ ስማቸውን በላቲን ፊደል እንዴት እንደጻፉ ያስታውስ ይሆናል። በፓስፖርታቸው ላይ ያለውም ብዙውን ጊዜ ያው ነው። «ፀሐይ»ን ብቻ በአራት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። ፌስቡክ ያላገኘልሽ በዚህ ይሆናል።

ፎቶውን ግን በስም ዝርዝሩ ሕዝብ ፊት አትለጥፊው። በሕይወት ያለ ሰው ፈቃዱን ይጠየቃል።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ከ1960ዎቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ እዚህ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን ላይ «የዊንጌት ተማሪ» ብለሽ ብታስጠይቂ አንድ ሰው አይጠፋም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያዘጋጀው ዓመታዊ በዓልም አለ፣ በሰኔ መጨረሻ ገደማ። ወንድሜ የ11ኛ ክፍል ጓደኛውን ያገኘው እዚያ ነው። ስትደውሉ ሰዓቱን አስቡበት። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ ቀትር ወይም ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ነው፣ እንደ ወቅቱ።

መልስ፦ ጋሼ ከአስኮ

ልጄ፣ «ነግሬው ወይስ ሳልነግረው» ላልሽው መልሴ ነግረሽው ነው።

እኔ ከአባትሽ አንድ ዓመት ቀድሜ ነው የጨረስኩት፣ ሌላ ትምህርት ቤት። በ65 የጨረሰ ልጅ በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲ የገባ ነበር። 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ነው ወደ ገጠር የወጣው። በየዘመቻ ጣቢያው ተበታተንን። ስንመለስ ደግሞ 1969 እና 70 መጣ። ከፎቶው ላይ ካሉት 14 ልጆች ሁሉም ይኖራሉ ብለሽ አትነሺ። አባትሽም ይህን ያውቃል። ምናልባትም ያልጠየቀው ለዚህ ነው። ሳትነግሪው ፈልገሽ መርዶውን ብቻ ይዘሽለት ብትመጪ ያንን ለብቻው ሊሸከመው አይገባም። አብራችሁ ፈልጉ።

በ2002 መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ግድግዳው ላይ ፎቶዎች አሉ። እሱ ራሱ «እንሂድ» ካለሽ ሂዱ። ካላለ አትጎትችው። እኔ አንዴ ሄጃለሁ፤ የመኝታ ክፍሌን ልጅ አይቼ ወጣሁ። እናቱ ዘንድ ልቅሶ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቼ። «መጣህልኝ» ነው ያሉኝ፤ ለምን ቆየህ አላሉኝም።

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ

ደብተሩ ላይ «ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል» የሚል አድራሻ ካለ ለሰፈሩ ሽማግሌ አሳዪው። ወጣት ቢሮ ውስጥ ብትጠይቂ አሮጌውን ቀበሌ አያውቀውም። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ግን ብዙ ሰው ቤቱን እንጂ እድሩን አይቀይርም። የእድሩን ዳኛ አግኚ። ማን ወዴት እንደሄደ እሱ ያውቃል።

ትምህርት ቤቱ አሁን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። አባትሽ ራሱ መታወቂያውን ይዞ መዝገብ ቤት ሄዶ የ1965 ሮስተር ካለ ይጠይቅ። ባለቤቱ ሲመጣ ነገሩ ይለያል።

የቡራዩ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ «ወረቀት አምጪ» አለኝ።

የአልጋ ተራውን ጠየቅሁት። ከበሩ ጀመረ። ስድስት የነበረው ስም 11 ሆነ። «ቀጭኑ» ማን እንደሆነ ከነአያቱ ስም ነገረኝ፤ አልጋው ከሱ አልጋ አጠገብ ነበር። የእሱ ቁጥር ደብተሩ ላይ አለ፣ በ51 ይጀምራል። 5 ጨምሬ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ልጁ ናት። አባቷ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። ቆሞ ነው ያወራት። በማግስቱ ነጠላ ለብሰን ሄድን። ልጅቷ ያንኑ ፎቶ አወጣች፤ እነሱም ጋ አለ፣ እነሱም ያስቀመጡት ሳጥን ውስጥ ነው። ከጀርባው የአባቴ ስም ላይ «አርሲ» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ ያኔ ነው ያለቀሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ሰጠችን። የ«ሐረርጌ»ን ስልክ። ለገጣፎ ነው ያለው! አባቷ እስከ መጨረሻው ይገናኙ ነበር። አሁን ሁለቱ በየቀኑ ይደዋወላሉ። ሊገናኙ ነው፤ ምን እንዳደርግላቸው ምከሩኝ።

መልስ፦ የአዳሪዋ

አነበብኩትና እንባዬ መጣ። እኛ ስንገናኝ ከተሳሳትነው ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ቀን ትልቅ ሆቴል አደረግነው፤ መዋጮውን ያልቻሉ ሁለት ልጆች «አሞኛል» ብለው ቀሩ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። በቤት አድርጉት። ሁለት ሰው ቢሆኑም፣ አምስት ቢሆኑም። ረቡዕና ዓርብ ባይሆንም የጾም ምግብ አብስሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል። የአዳሪ ልጅ አብሮ ካልበላ የተገናኘ አይመስለውም። ሰዓቱን ጠዋት አድርጊው፤ በዚህ ዕድሜ ማታ መንገድ ላይ መሆን ከባድ ነው። ደግሞ ልጆች ገብታችሁ አታስቸግሯቸው። ቡና አቅርቢና ውጪ።

የቡራዩ ልጅ

ቅዳሜ 4 ሰዓት ዊንጌት በር ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል፤ ከዚያ ወደ እኛ ቤት። ሽሮና ጎመን ነው የምሠራው፣ እንጀራውንም እኔው እጋግራለሁ። አባቴ ዛሬ ኮቱን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሰቀለው።

«ሻምበል» ግን አልተገኘም። በመስኮቱ በኩል መጨረሻው አልጋ ላይ ይተኛ የነበረ ልጅ ነው። ከጎንደር በኩል ነው የመጣው፣ ቁመቱ ረጅም፣ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ከ1967 ዘመቻ በኋላ ያየው የለም። የዊንጌት የ65 ልጅ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡላቸው።