«አስጠኑት» በተባለው ልጅ ላይ የተነሣ ክርክር

የደብረ ሲናዋ እናት፦ ትናንት ከእድር ስንበተን ለጎረቤቴ «ልጁ እንዳይደናገር ቃሉን ደኅና አድርጋችሁ አስጠኑት» ሲባል ሰምቼ እስካሁን አልበረደልኝም። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነው፤ አጎቱ ሲደበደብ በማየቱ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ በመጪው ሳምንት ደብረ ብርሃን ችሎት ይቀርባል። መጥሪያውን ደብተሩ ውስጥ አጥፎ ይዞት ስለሚዞር ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ማታ እናቱ «ዱላው በየትኛው እጁ ነበር?» እያለች ስትደጋግምበት የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ይደርቃል። ልጅን መደገፍ ይህ ነውን?

የመሐል ሜዳው፦ እህቴ፣ ያንን ያልሁት እኔ ነኝ። ሐሰት አስተምሩት አላልሁም። የወንድሜ ልጅ ሳትዘጋጅ ቀርባ በተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ሲያጣድፏት፣ በዓይኗ ያየችውን ሁሉ «አላውቅም» ብላ ወርዳለች፤ ዛሬም ድረስ በዚያ ታለቅሳለች።

ጠበቃ ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ሆኖም በቃሉ የሸመደደ ምስክር ከመካከል ሲጠየቅ ይጠፋበታል፤ «ከማን ጋር ተነጋገርህበት?» ሲባልም «እናቴ አስጠናችኝ» ካለ፣ እውነቱ ራሱ ይጠረጠራል። ይልቅስ ችሎት በሌለበት ሰዓት ወስዳችሁ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና ተከሳሹ የሚቀመጡበትን አሳዩት፤ «አላስታውስም» እና «ጥያቄው አልገባኝም» ማለት እንደሚችል ንገሩት። እናቱም ምስክር ከሆነች ቃሏን እስክትሰጥ ውጭ ስለምትቆይ፣ ምስክር ያልሆነ ዘመድ አብሮት ይግባ።

የመሐል ሜዳው፦ «አልገባኝም» በል ብሎ መንገርስ ማስጠናት አይደለምን?

ጠበቃ ከሸዋ ሮቢት፦ አይደለም። ያ እንዴት እንደሚመልስ መንገር ነው፤ ምን እንደሚመልስ መንገር ግን ቃሉን መቀማት ነው።

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦ ሁላችሁም በአንድ ቃል ላይ ቆማችሁ ዋናውን ዘለላችሁት። ልጁ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ለምን ይፋጠጣል? አዲስ አበባ ልደታ ፍርድ ቤት ሕፃናት በተለየ ክፍል ሆነው በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበት አሠራር ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጅ ጥቅም ይቅደም ሲል የሸዋን ልጅ አላወጣውም።

የተከሳሹ ዘመድ፦ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ የቀረበበትን ምስክር የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በአደባባይ «አስጠኑት» እየተባለ የዚህን ልጅ ቃል እንዴት እንመን?

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦ በካሜራም ይጠየቃል፤ ማንም መብቱን አልነካበትም።

የደብረ ሲናዋ እናት፦ ጋሼ፣ አዩ? ልጁ ገና ሳይቀርብ ቃልዎ መከራከሪያ ሆነበት።

የመሐል ሜዳው፦ የቀጠሮው ዕለት ጣርማ በርን አብሬው እሻገራለሁ፣ ከጎኑም እቀመጣለሁ። ያልሁትን ግን አላነሣም፤ ያችን ልጅ ያየ ሰው አያነሣም።

የደብረ ሲናዋ እናት፦ አብረውት መሄድዎን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመንገድ ላይ ግን ስለ ዱላው አይጠይቁት።