እንጨት መሳይ ፖርስሊን፦ ደብረ ብርሃን ልግዛ ወይስ አዲስ አበባ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ፊኒሺንግ ላይ ደርሷል። ለሳሎኑ ወለልና ቲቪ ለሚሰቀልበት ግድግዳ እንጨት የሚመስለውን ፖርስሊን (ጠንካራውን የሴራሚክ ዓይነት) መርጫለሁ፣ 20 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ረጅሙን። እዚሁ ደብረ ብርሃን ልግዛ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስጭን? ጥሩ ሱቅ ጠቁሙኝ።

የጠባሴ ልጅ፦ እዚሁ ግዢ። ጠባሴ ያለው ደንበኛዬ ጋ ሂጂ። የኔም የእናቴም የእህቴም ቤት ከሱ በተገዛ ነው የተነጠፈው።

የሸኖ ሰው፦ አንድ ሱቅ ያደረገኝን ልንገርሽ። የገዛሁት ሳይበቃ ቀረና ጥቂት ካርቶን ልጨምር ተመለስኩ። "ያው ነው" ብሎ ሰጠኝ። ሲነጠፍ ግን ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቡናማ። ለካ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር የተለያየ ነው! ልመልስ ስል "ካርቶኑ ተከፍቷል፣ አንቀበልም" አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ምንጣፍ ጣል አድርጌበታለሁ።

ውርጩ፦ ለመሆኑ ፖርስሊን ለምን? በህዳር ውርጭ በባዶ እግር ረግጠሽው ታውቂያለሽ? ለደብረ ብርሃን ፓርኬ ነው።

ጠያቂዋ፦ ፓርኬማ ልጆቹ ውሃ ሲደፉበት ያብጥብኛል። ስለ ሱቁ ንገሩኝ እባካችሁ።

የጠባሴ ልጅ፦ የኔ ደንበኛ እንደዛ አያደርግም። ሻይ ሳያስጠጣ የማይሸኝ ሰው ነው።

የሸኖ ሰው፦ ታዲያ ሻዩን ታንጥፈው?

አንጣፊው፦ እህቴ፣ የትም ግዢ፣ ግን እነዚህን እዪ። ካርቶኑ ላይ የውሃ መምጠጥ መጠኑ ይጻፋል። ፖርስሊን ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፣ ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ነው። ጽሑፉ ከሌለ ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጊ፣ ቶሎ ከጠጣው ፖርስሊን አይደለም። ውሃ ስለማይጠጣ ደግሞ በተራ ሲሚንቶ ደህና አይዝም። በሴራሚክ ማጣበቂያ ይሁን፣ በተለይ ግድግዳው ላይ የሴራሚኩም ጀርባ ይቀባ። ረጅሙ ዓይነት መሃሉ ላይ በጥቂቱ የመጉበጥ ባህርይ አለው፣ ስለዚህ ግማሽ ለግማሽ እያፈራረቀ የሚያነጥፍ ሰው አታስገቢ፣ የአንዱ ጫፍ ከሌላው መሃል ሲገናኝ ጠርዙ ብቅ ይልና እግር ይመታል። ሲሶ ይበቃል፣ በ120ው 40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በመሃል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። 10 በመቶ ጨምረሽ፣ ዞኮሎውንም (የግድግዳውን ግርጌ ዙሪያ የሚሄደውን) አስበሽ፣ ሁሉንም በአንድ የምርት ቁጥር አንዴ ግዢ። የሸኖው ወንድማችን ላይ የደረሰው እዚህ ጋ ነው።

ቆንጅት፦ ከአዲስ አበባ ካስጫንሽ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ካርቶኖቹ በጠርዛቸው ቆመው ይጫኑ። ተጋድመው ከተደራረቡ የታችኞቹ ይሰነጠቃሉ።

የመሀል ሜዳ፦ አንጣፊው፣ ለበረንዳስ ይሆናል? እኛ ጋ ብርዱ የከፋ ነው።

አንጣፊው፦ ይሆናል ወንድሜ። ውሃ ስለማይገባው ውርጭ አይሰነጥቀውም። ብቻ ሻካራውን ምረጥ፣ የሚያብረቀርቀው ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል።

የመሀል ሜዳ፦ በካሬ ስንት ትሠራለህ? እዚህ ድረስ ትመጣለህ?

ውርጩ፦ ፓርኬ ብትሉ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር እዚህም አዲስ አበባም ሄደን እናያለን።

የጠባሴ ልጅ፦ ደንበኛዬ ጋ ስትሄጂ እኔ እንደላክሁሽ ንገሪው፣ ይቀንስልሻል።

የመሀል ሜዳ፦ አንጣፊው፣ እየጠበቅሁህ ነው።