ክርክር፦ የድሮው የእንግሊዝ መንደር ለልጅ ይሻል ነበር ወይስ ትዝታ ነው የሚያሳምረው?

ከፋቿ (ዮርክሻየር)፦
ሰላም ለቤቱ። የዛሬውን ርዕስ ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጠዋት እጁን ይዤ ትምህርት ቤት ሳደርሰው፣ ከሰዓት ስመልሰው በመስኮት ታየናለች። ባለፈው ሰኞ አጥሯን ተደግፋ ጠበቀችኝና «እኔ በአምስት ዓመቴ ብቻዬን ነበር የምሄደው። ስመለስ ቤት ሰው ባይኖርም ቁልፉ ከበሩ ጀርባ በሲባጎ ታስሮ ይንጠለጠላል፤ በደብዳቤ ማስገቢያው እጄን ሰድጄ መጎተት ነው» አለችኝ። ቀጥላም «ይሄ አገር ድሮ ቀረ» ብላ ገባች።
ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ይሄ ሁሉም የሚያወራለት ልጅነት፣ መንገድ ላይ ኳስ፣ ሜዳ ውሎ ሲመሽ መግባት፣ ስምህን የሚያውቅ ባለሱቅ፣ እውነት ነበረ? ከነበረስ ለልጆቻችን ይመለስ ብለን ልንከራከርለት ይገባል? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ። ዓመቱ በፈረንጅ ይሁን፤ ዘለፋ የለም።

ሹፌሩ (በርሚንግሃም)፦
ቁልፉን አምናለሁ፣ የቀረውን ግን ቀንሼ ነው የምሰማው። በ1966 በዚህ አገር መንገድ 7,985 ሰው ሞቷል። ዛሬ መኪናው በስንት እጥፍ በዝቶ የሚሞተው በዓመት 1,600 ገደማ ነው። ሹፌር አስቁሞ በትንፋሽ መለካት የተጀመረው በ1967፣ የፊት ወንበር ቀበቶ ግዴታ የሆነው በ1983 ነው። ጎረቤትሽ ብቻዋን ስትሄድ ጠጥቶ የሚነዳው ሰውዬም ብቻውን ነበር፤ የሚያስቆመው የለም። እሷ ደህና ደረሰች። ያልደረሰው ልጅ ዛሬ አጥር ተደግፎ አያወራም።

የባርንስሌይ ልጅ፦
ሹፌሩ፣ ቁጥሩን አልነካብህም። እኔ ግን ቀምሼዋለሁ፤ ያውም በነሱ ዘመን ሳይሆን በራሴ። ከ2000 ጀምሮ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂውን ከለንደን እያወጣ ወደ ሰሜን ሲበትን የኛ ቤተሰብ ዕጣ ከባርንስሌይ ወጣ ያለች የድንጋይ ከሰል መንደር ሆነ። ጉድጓዱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ቋንቋ የለኝም።
ጥቅምት ላይ ከትልቁ ዛፍ ሥር ኮንከር ይወድቃል። እሾሃም ልጣጩን ስትፈለቅቀው አዲስ የተወለወለ ጫማ የመሰለ ቡናማ ፍሬ ነው፤ አይበላም። በምስማር በስተህ የጫማ ክር ታስገባና ጫፉን ትቋጥራለህ። አንዱ ያንጠለጥላል፣ ሌላው በራሱ ይመታል፤ የተሰበረበት ተሸነፈ። የጓደኛዬ አያት ፍሬውን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈን ምድጃ እንድናደርቀው አስተማረችን፤ እንዲጠነክር ነው። ማጭበርበር መሆኑን የነገረን የለም። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከዚያ ዛፍ ሥር ነው፤ ከእናቴ በቀር የሚጠብቀኝ አልነበረም፣ እሷም ከመስኮት። ሰፈሩ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል። እርግጥ ከዚያ በፊት እንደኛ ያለ ሰው ስላላዩ ለማወቅ ብዙም አልከበዳቸውም።

ቀበጧ (ለንደን)፦
ሃክኒ ተወልጄ አድጌ ኮንከር የሚባል አይቼ አላውቅም 😂 እናንተ ገጠሬ ናችሁ

ጠበቃው (ለንደን)፦
የባርንስሌይ ልጅ፣ ዕድለኛ ነህ። ከበርሚንግሃም አጠገብ ያለችውን ስሜዝዊክን ውሰድ። በ1964 ምርጫ በጥቁርና በእስያ ስደተኞች ላይ በተነዛ ቅስቀሳ የፓርላማ ወንበር የተገለበጠባት ከተማ ናት። ማርሻል ስትሪት በሚባለው መንገድ ቤቶቹ ለነጭ ብቻ ይከራዩ የሚል ዘመቻ ነበር፤ አሜሪካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ማልኮም ኤክስ በየካቲት 1965 ድረስ መጥቶ መንገዱን ያየው ለዚህ ነው። የዚያው ዓመት የዘር አድልዎ ሕግ ቤት ማከራየትን አልነካም፣ እሱ የተጨመረው በ1968 ነው። «ሰፈሩ ሁሉ ይተዋወቅ ነበር» ሲሉኝ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሩ ላይ ማን ቆሞ ነበር? ያ ትዝታ የነሱ ነው። የኛ ልጅ ያኔ ቢኖር ከመንገዱ ጥግ ቆሞ የሚያይ ነበር።

የባርንስሌይ ልጅ፦
እኔም ተሰድቤአለሁ፣ አንድ ቀን ድንጋይም ተወርውሮብኛል። ግን ድንጋዩን የወረወረውን ልጅ ጆሮውን ይዛ ይቅርታ ልታስጠይቀው በራችን ድረስ ያመጣችው የገዛ አያቱ ናት። እናቴ ሻይ አፍልታ አስቀመጠቻቸው። ሁለቱንም ነው የማስታውሰው።

ኬረሯ (ኮቨንትሪ)፦
እኔ በኬር ሆም፣ በአረጋውያን መጦሪያ ማለቴ ነው፣ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከነሱ ልጅነት ጋር ስውል አድራለሁ ብል አላጋነንኩም። ትናንት የሠራውን የማያስታውስ ሰው የ1950ዎቹን ጠዋት በደቂቃ ይነግርሃል።
የወተቱን ነገር ልንገራችሁ። ከ1946 ጀምሮ ተማሪ ሁሉ በየቀኑ ሲሶ ፓይንት፣ የኛን አንድ ትንሽ ብርጭቆ የምታህል ጠርሙስ ወተት በነፃ ይሰጠው ነበር። በ1971 ያኔ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ከሰባት ዓመት በላይ ላሉት አስቀሩትና «ወተት ቀሚዋ» ተባሉ። ይሄንን እነሱ እንደ ግፍ ነው የሚያወሩት። ከማበላቸው አንድ አዛውንት ግን ሻያቸውን ያለ ወተት ነው የሚጠጡት፣ እንግሊዝ ሆነው! «ምነው?» ብላቸው፣ ክረምት ጠርሙሱ በረዶ ይሆናል፣ መምህሯ ከማሞቂያው አጠገብ ትደረድረዋለች፣ ሲደርሳቸው ለብ ብሎ ላዩ ሰፍፎበት ነው፤ ካልጨረሱ መውጣት የለም። ሰባ ዓመት አለፈው፣ ሽታው ዛሬም ከአፍንጫቸው አልወጣም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሴትዮ ደግሞ ስለዚያው ወተት ሲያወሩ ዓይናቸው ዕንባ ያቀርራል። ስድስት ልጅ ከነበረበት ቤት ነው የመጡት፤ ጠዋት ሌላ የሚቀመስ አልነበረም።
እና ለየትኛው ልፍረድ? አንድ ዓይነት ጠርሙስ ነው።
የመስኮቱን በረዶ በጥፍራቸው ይፍቁ እንደነበር ይነግሩኛል፤ በረዶው በውስጥ በኩል ነው። የቆርቆሮ ገንዳ እሳት ዳር ተቀምጦ ውሃው ከአባት ይጀምራል፣ ለመጨረሻው ልጅ ሲደርስ ጭቃ ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ፣ ወረቀቱ በምስማር የተሰካ ጋዜጣ። ይሄን ሁሉ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ግን ተመለሱ ቢባሉ የሚመለስ አንድ ሰው አላገኘሁም፤ ጠይቄአለሁ።

እትዬ (ማንችስተር)፦
ልጆቼ፣ እኔ እዚህ አገር ስገባ በየበሩ ጠርሙስ ወተት ይቀመጥ ነበር። ትንንሽ ወፎች የቆርቆሮ ክዳኑን እየበሱ ክሬሙን ሲጠጡ ዓይቼ ለእናቴ በደብዳቤ ጽፌላታለሁ፤ አላመነችኝም። ስለ ወፎቹ ስጠይቅ ሳውዝሃምፕተን አጠገብ በ1921 ጀመሩት፣ ከዚያ አገሩን አዳረሱት ተባልኩ። አሁን ጠርሙሱም የለ፣ ወፏም ረስታዋለች።
ሌላው፣ ልምጭ የኛ ብቻ የሚመስላችሁ አላችሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ በሕግ መመታት የቀረው በ1987 ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «እኛን አረመኔ ይሉናል፣ እነሱም ገና ትናንት ነው የተዉት» ይል ነበር።

ቀበጧ (ለንደን)፦
እትዬ ስለ ወፏ ይጻፉልኝ፣ የቀረው ክርክር ይቅር 😂

የባዝ ልጅ፦
እዚህ ባዝ ያሉ ሽማግሌዎች ሐበሻ ሲያዩ አንድ ትዝታ አላቸው፤ ጃንሆይ። ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ ዛሬም አለ። በ1958 ለከተማው አረጋውያን ይሁን ብለው ሰጡት። ስለዚህ ጠበቃው፣ «ትዝታው የነሱ ብቻ ነው» ካልክ እኔ ጋ ብቅ በል፤ የእንግሊዝ አሮጊቶች ድሯቸውን የሚያወጉበትን ጣሪያ የሰጠው የኛ ሰው ነው።

ጠበቃው (ለንደን)፦
ንጉሥ መሆን ሳይረዳው አልቀረም ወንድሜ።

የካርዲፏ፦
ሹፌሩ 1966 ብሎ ሲጀምር ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። እንግሊዝ 1966 ሲባል የዓለም ዋንጫውን ነው የምታስታውሰው። ዌልስ ሌላ ነው የምታስታውሰው። ጥቅምት 21 ጠዋት አበርፋን በምትባል መንደር፣ ከተራራው ላይ ተቆልሎ የኖረው የከሰል ዝቃጭ ተንዶ ትምህርት ቤቱን ዋጠው። 116 ሕፃናት፣ 28 ዐዋቂዎች። ክምሩ ምንጭ ላይ ነበር የተቆለለው። ነዋሪው ስጋቱን ቀድሞ ተናግሯል፤ የሰማው የለም። ባሰ አትሉም፣ የቀሩትን ክምሮች ለማንሳት ሕዝብ ለሟች ቤተሰብ ካዋጣው ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ፤ የተመለሰውም በ1997 ነው።
የመቃብሩ ነጫጭ ቅስቶች ከሸለቆው ማዶ ይታያሉ። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄጄ ነበር፤ እሷ ያኔ በሌላ ሸለቆ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። «መንደራችን ደስ ይል ነበር» ትላለች፣ ከአፍ ከአፏ ደግሞ «ከኛም በላይ ክምር ነበረ» ትላለች። ተቃርኖው አይታያትም። ወይም ይታያታል፣ እኔ ነኝ የማላየው።

የባርንስሌይ ልጅ፦
እህቴ፣ ይሄን ሰምቶ መከራከር ያሳፍራል። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ የኮምጣጤዋ አያት ከሁሉ አብልጣ የምታወራው ስለ 1984ቱ የከሰል ቆፋሪዎች አድማ ነው። ከመጋቢት እስከ መጋቢት፣ ዓመት ሙሉ ደመወዝ የለም። ሴቶቹ በሠራተኞቹ አዳራሽ በትልልቅ ድስት እየቀቀሉ መንደሩን አበሉት። እሷ ድንች ላጭ ነበረች፤ አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳው አለ፣ ታሳየናለች። ልጆቹ ሁሉ አብረው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበሉ ነበር። ከዕድሜዋ ሁሉ ድሃ የሆነችበት ዓመት ነው፤ የምትናፍቀውም እሱን ነው። ጉድጓዱን ባሏ ይጠላው ነበር፤ ሳንባውን የበላው እሱ ነው። እኔ ይመለስ የምለው ከሰሉን አይደለም፣ ያን ጠረጴዛ ነው። አድማው ከሸፈ፣ ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ከዚያ ሱቁ፣ ከዚያ አውቶቡሱ። እኔ የደረስኩት ለፍርፋሪው ነው፣ እሱም ይኸው ከሃያ ዓመት በኋላ ያናግረኛል።

ሹፌሩ (በርሚንግሃም)፦
አሁን አግባባኸኝ፣ ግማሽ መንገድ። ቅድም ያልነገርኳችሁ ሌላ ቁጥር አለ፤ ለራሴ ክርክር ስለማይመች ነው የዋጥኩት። በ1971 ከሰባትና ስምንት ዓመት ልጆች 80 በመቶው ያለ ዐዋቂ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ1990 እነዚያኑ ትምህርት ቤቶች ዳግም ሲያጠኗቸው 9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በሃያ ዓመት! እና አጥኚዎቹ ያሉት ምን መሰላችሁ፣ የልጆች ሞት የቀነሰው መንገዱ ደህና ሆኖ ሳይሆን ልጆቹን ከመንገዱ ስላወጣናቸው ነው። ሁሉም ወላጅ ሌቦ አፍኖ ይወስድብኛል ብሎ ነው የሚፈራው። ከመሪው ጀርባ ተቀምጬ የማየው ግን ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ሊገጭ የሚደርሰው ልጁን ሊያወርድ የተጣደፈ ወላጅ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ትዝታ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ስለ መንገዱ ከሆነ አለሁ።

ጠበቃው (ለንደን)፦
ይሄ ነጥብ ገብቶኛል። በመግቢያና መውጫ ሰዓት ትምህርት ቤት ያለበትን መንገድ ለመኪና የሚዘጉ ሰፈሮች አሉ፤ የኛም ተዘግቷል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስሳደብ ነበር፣ መኪና ይዤ ስለነበር።

እትዬ (ማንችስተር)፦
ልጅቷ የጠየቀችውን ማን መለሰላት? የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት ነው ያለችው።

ከፋቿ (ዮርክሻየር)፦
እትዬ ይባረኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ልጄ ራሱ ነው ጠዋት ጠዋት «እጄን ልቀቂኝ» የሚለኝ። ርቀቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የሚሻገረው አንድ ትልቅ መንገድ ነው።

ሹፌሩ (በርሚንግሃም)፦
አውቶቡስ የሚሄድበት ነው? ዜብራ አለው?

ከፋቿ (ዮርክሻየር)፦
አውቶቡስ አለ። ዜብራም አለ፣ ኮረብታው ሥር። ሎሊፖፕ የሚሉትን ባለ እጀታ ክብ የማስቆሚያ ምልክት ይዛ ልጆች የምታሻግር ሴትዮ ነበረች፤ ጡረታ ወጣች፣ የተካት የለም።

ሹፌሩ (በርሚንግሃም)፦
ኮረብታ ሥር ከሆነ ቁልቁል የሚመጣው መኪና ዝናብ ላይ ቶሎ አይቆምም። እስከ ዜብራው አብረሽው ሂጂ፣ አሻግሪው፣ ከዚያ ልቀቂው። አትከተዪው፤ ዞር ብሎ ካየሽ ነገ እምቢ ይልሻል። ሰዓቱ ስንት ነው የሚገቡት?

ከፋቿ (ዮርክሻየር)፦
ስምንት ከሃምሳ፣ በነሱ።

ሹፌሩ (በርሚንግሃም)፦
እንግዲያው ስምንት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። ሩብ ጉዳይ ላይ ሁሉም ወላጅ በመኪና ይመጣል፣ እኔም ያን ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ፣ አውቃለሁ።