«ተቀበል» ሲባል ምን ተቀበል ነው?

ጥያቄ፦ አዝማሪ ቤት እንግዳው ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል። እኔ የማውቀው «ተቀባይ» ግን አውጪው ሲያወጣ እያጨበጨበ አዝማቹን የሚመልሰው ሕዝብ ነው። ቃሉ አንድ ነው?

መልስ፦ አንድ ነው፤ ሰጪና ተቀባዩ ነው የተገላበጠው። ሠርግ ላይ ዘፋኙ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አዝማሪ ቤት ግን ስንኙን የሚሰጠው እንግዳው ነው። አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር አስማምቶ፣ ቃል ሳያዛባ ያዜመዋል። ብሩ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው :)

«ቃል ሳያዛባ» ያልኩት በምክንያት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ወርቁ፣ ማለትም ስውሩ ትርጉም፣ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ የሚያወጣው ደግሞ የዘፋኙ አፍ ነው። እኔው የቋጠርኩትን እዩልኝ፦

ናፍቆትሽ ጠናብኝ ቆሜ ከጎዳና፤
መምጫሽን ብጠይቅ ሁሉም ይላል ገና።

«ገና» ከላላ ልጅቷ የለችም፤ ሰውዬው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከጠበቀ በዓሉ ነው፤ ቀን ተቆርጦለታል። ጎበዝ አዝማሪ መጀመሪያ አላልቶ ይልና፣ ቤቱ «አዬ!» ሲል፣ በድጋሚው አጥብቆ ታሪኩን ይገለብጠዋል። ዜማው ያው ነው። ድምፀ መረዋው ዘፋኝ ይህችን አንዲት ቃል ከዋጣት ግን ታሪኩም አብሮ ተዋጠ።

ሌላ መልስ፦ እንደኔ ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም፣ «አልደረሰችም» ነው። ጎዳናው፣ ጥያቄው፣ ሁሉም ወደዚያ ይነዳሃል። ወርቁ በዓሉ፣ «ገና» ደግሞ ኅብረ ቃሉ፣ ሁለቱንም ትርጉም የያዘው ቃል።

በነገራችን ላይ ሙሾም እንዲሁ ነው። አልቃሿ የሟቹን ሙያና ደግነት በስንኝ ስታወርድ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው ቃሉን ሰምቶ ነው። ቃሉ ካልተሰማ ደረት መምታት ብቻ ይሆናል።

ጠያቂው፦ ገባኝ። ግን ኪቦርድና ኢኮ ባለበት መድረክ መጥበቁ ይሰማል እንዴ?

መልስ፦ እንደ ዜማው ነው። ዜማው «ገ» ላይ ብዙ ከተጎተተ መጥበቅና መላላቱ ይምታታል። «ን» ላይ ትንሽ ከያዘ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ገጣሚውና ዜማ ደራሲው አብረው ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ግጥሙ በስልክ ተልኮ ዜማ ላይ ሲለጠፍ ነው ብዙ ጊዜ ጉድ የሚፈላው። ኢኮውን ግን በእናታችሁ ቀንሱት።