ፎቶ ሙሉ ሥራዬ ሆነ፤ የራሴ ፎቶ ግን የቱ ነው?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በፎቶ ብቻ መተዳደር ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ አልፎ አልፎ የሆቴል ሥራ። ደንበኛ አያማርርም። ግን ሀርድ ዲስኩን ስከፍት «ይሄ የኔ ነው» የምለው አጣሁ። ፕሪሴት (ዝግጁ የቀለም ማስተካከያ) ብቀያይርም ለውጥ የለም። 24–70 ዙም እና 35 ሚሊ ሌንስ አለኝ። ከየት ልጀምር?

የታቦር ልጅ፦
እህቴ፣ ፕሪሴት ቀለም ይቀይራል እንጂ ዓይን አይቀይርም። መጀመሪያ ያለሽን እዪ። ካነሳሽው ሁሉ ማንም ሳያዝሽ ያነሳሽውን ብቻ ለዪ፤ ሙሽሮቹ ካሜራ እያዩ የቆሙበት ይቅር። 80 ያህል በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሚ፤ ርካሹ ወረቀት ይበቃል። ወለል ላይ ዘርግተሽ ወደ 30 አውርጂ፣ እደሪበትና በማግስቱ ወደ 12። ስልክ ላይ አትምረጪ፤ ትንሽ ስክሪን ላይ ደማቁ ቀለም ያሸንፍና ጭምት የሆነው ፎቶ ተቀብሮ ይቀራል።

ከዚያ በየፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፊ፦ ከሰውየው ስንት እርምጃ ነበርሽ? ብርሃኑ ከየት መጣ? ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ስምንት ዘጠኙ ላይ «ሁለት እርምጃ፣ የመስኮት ብርሃን፣ እጅ» የሚል ከተደጋገመ ተከተዪው። ምንም ካልተደጋገመ ያገኘሽውን ስታነሺ ነው የቆየሽው፤ ያኔ አንድ ቦታ ያስፈልግሻል።

ታንኳ፦
ቦታ ከተባለ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ። በ35 ሚሊው ብቻ፣ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ለ12 ሳምንት። 24–70ው ቤት ይቅር፤ ዙም ካለ እግር ይሰንፋል። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ ከጀርባሽ ትወጣና በታንኳ ወደ ዳር የሚመጣውን ዓሣ አጥማጅ ፊቱን ታበራዋለች። ወደ ማታ ግን ሐይቁ ላይ ስለምትጠልቅ ካሜራው በውሃው ነጸብራቅ ይታለልና ፊቱን ያጠቁረዋል። ያኔ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚወስደውን ብርሃን) ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ከፍ አድርጊ፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ፊቱን በስፖት (አንድ ነጥብ ብቻ በሚለካው) ብትለኪ ደግሞ ጠቆር ያለ ቆዳን ከልኩ በላይ ያነጣዋል፤ ግማሽ ስቶፕ ያህል መልሺ። እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ከፍ ስለምትል ከጠዋቱ 12፡15 ተገኚ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ይሆናል።

ትልቁን ወፍ አባ ኮዳውን በመጀመሪያው ቀን አንሺውና ይውጣልሽ፤ ሐዋሳ መጥቶ እሱን ያላነሳ የለም። ቀጥሎ ያለው ነው ቁም ነገሩ፦ የተወሳሰበ መረብ የሚፈታ ጣት፣ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ደርቆ የተለጠፈበት ክንድ። ሳታስፈቅጂ አታንሺ፤ በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን አሳትመሽ ለባለቤቱ ውሰጂለት። አራተኛ አምስተኛው ሳምንት ላይ ይሰለቻል፣ ምክንያቱም ቀላሉ ሁሉ ተነስቶ አልቋል። እባክሽ እዚያ ላይ አታቋርጪ።

ጥለት፦
ከሁለቱም እስማማለሁ፤ ሰርጉን እንጀራ ብቻ አድርጎ መተው ግን ልክ አይደለም። መጀመሪያ ደንበኛው የከፈለበትን ጨርሺ፦ ቤተሰብ፣ ሚዜ፣ ኬክ። ከዚያ በየሰርጉ 20 ደቂቃ ለራስሽ ያዢ። ሙሽሪት የእናቷን ጉልበት ስትስም ሁሉም ካሜራ ሙሽሪት ላይ ነው፤ አንቺ የእናትየውን እጅ ጠብቂ።

የሀበሻ ቀሚስ ላይ ተጠንቀቂ። ነጩ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ግራጫ ሊያደርገው ያጨልመዋል፣ የሙሽሪት ፊትም አብሮ ይጠቁራል። 0.7 ስቶፕ ጨምሪና የሃይላይት ማስጠንቀቂያውን (ከልክ በላይ የነጣውን ቦታ የሚያሳየውን) አብሪ፤ ቀሚሱ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ በሲሶ ስቶፕ ቀንሺ። ከተቃጠለ የሸማው ክር ይጠፋና ወረቀት ይመስላል፤ በኤዲት አይመለስም። ሮው (ካሜራው ያልጨመቀው ጥሬ ፋይል) አንሺ፤ የጠቆረ ፊት ከሮው ይወጣል።

ጊዜውንም አስቢበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፤ የፕሮቴስታንቱ ግን ጾም አይጠብቅምና ሐዋሳ ላይ ሥራ ጨርሶ አይጠፋም። የአሞራ ገደሉን 12 ሳምንት ከጾሙ ጋር አያይዥው፤ ከጥር ሰርግ ገቢ ላይም የሁለት ወር የቤት ኪራይ አስቀምጪ። ኪራይ ያስጨነቀው ሰው የመጣለትን ሥራ ሁሉ ይቀበላል፣ የራሱ ቀን አይኖረውም።

ሐይቅ ዳር፦
በጣም አመሰግናለሁ። 12ቱን ከለየሁ በኋላ ለማን ላሳይ? ኢንስታግራም ላይ ልልቀቀው?

የታቦር ልጅ፦
ገና ነው። ፎቶ ለሚያውቁ ሦስት ሰዎች በቴሌግራም ላኪ፣ በፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። «ያምራል ወይ?» አትበያቸው፤ ያምራል ነው የሚሉሽ። «ሁለቱ ይውጡ ቢባል የትኞቹን ታወጣላችሁ?» በያቸው። ሦስቱም አንዱን ከጠሩ አውጪው። አንዱ የሚወደውን ሌላው ካወጣው ግን አቆዪው፣ በቀጣዩም ሳምንት እሱን የሚመስል ፈልጊ።